ደብተሩ ያምራል፣ ልጁ ግን አይጽፍም ነበር፦ ከአንድ ሦስተኛ ክፍል የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ አንድ ደብተር ነው። ንጹሕ፣ መስመሩን የጠበቀ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው ደብተር። ባለቤቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር በራሱ መጻፍ እንደማይችል ለማወቅ አራት ወር ፈጀብኝ። የልጆቹንም የትምህርት ቤቱንም ስም አልጠቅስም። የተሳካልኝንም ያልተሳካልኝንም የምጽፈው እንደኔ አንደኛ ደረጃ ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ክፍሉ

ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ሦስተኛ ክፍል፣ 61 ተማሪ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አራት የሆኑበትም አለ። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስም ተጠርቶ፣ ደብተር ወጥቶ፣ ሰሌዳ ተጠርጎ እስኪያልቅ ድረስ 10 ደቂቃው ሄዷል።

ልጆች ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ ፊደል ጨርሰዋል ተብሎ ይታሰባል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የጀመርኩት። ምንባቡን ወይም ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይገለብጣሉ፣ እየዞርኩ ራይት አደርጋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቃል ጽሕፈት አለ። የጽሕፈት ትምህርት ማለት ለእኔ ይኸው ነበር።

ነገሩ የተገለጠው ከገና በኋላ ነው

ከገና በዓል በተመለስን ቀን ሰሌዳውን ባዶ ተውኩትና «ገናን እንዴት እንዳሳለፋችሁ ጻፉ» አልኳቸው። ምንም ምሳሌ አልሰጠሁም። ከአንዱ ዴስክ ወደ አንዱ ስዞር ያ ደብተሩ የሚያምረው ልጅ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። የ10 ዓመት ልጅ ነው። ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳየው የሚጽፈው ስለ ገና አልነበረም። የደብተሩን ሽፋን ነው የሚገለብጠው። «ስም፣ ክፍል፣ የትምህርት ዓይነት»። ከዚያ ደብተሩን ገልብጦ በጀርባው ካለው የማባዣ ሠንጠረዥ ላይ ቁጥሮቹን ቀጠለ። አንዱንም አልተሳሳተም።

በማግስቱ ብቻውን ጠርቼ «ቤት» ብለህ ጻፍ አልኩት። እርሳሱን ይዞ ዝም አለ። ዓይኑ ግድግዳውን ይፈልጋል። የት እንደተጻፈ እያየ ነበር። ልጁ ፊደልን የሚያውቀው እንደ ሥዕል ነው። አይቶ ይስለዋል። ድምፁንና ቅርጹን ግን አላገናኛቸውም። እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ ሥዕሉን ራይት አድርጌለታለሁ።

እናቱ ጉሊት ናት የምትውለው። አስጠርቻት ስነግራት አላመነችኝም። «ቲቸር፣ እሱማ ይጽፋል እኮ! ደብተሩን አላዩትም እንዴ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? ያንን ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ።

የዚያን ሳምንት የ61ዱንም የገና ጽሑፍ ቤቴ ወሰድኩት። ስሕተት ብቻ ሳይሆን የስሕተቱን ዓይነት እየለየሁ አነበብኩ። ከመገልበጥ አልፈው መጻፍ ያልቻሉ ብዙ ነበሩ። ከነሱ ሁለት ልጆች ለየት ብለው ታዩኝ።

አንዷ ልጅ የብዙ ቁጥር መጨረሻ ትጥላለች። «ልጆች» የሚለውን «ልጆ»፣ «ወፎች» የሚለውን «ወፎ» ትለዋለች። «ሻይ» ደግሞ «ሳይ» ሆኗል። ሰዋስው አልገባትም ብዬ ነበር። ወደ ኋላ ተመልሼ የሐሙስ ቃል ጽሕፈቷን ስደረድር ግን የሚጠፉት ፊደላት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ ች፣ ስ፣ ሽ፣ ፍ። ቀጭን ድምፆች ናቸው፣ ራቅ ሲሉ የሚጠፉ። ልጅቷ የምትጽፈው የምትሰማውን ነው። «ልጆች» ስል የሚደርሳት «ልጆ» ብቻ ነበር።

ሌላው ልጅ ሁለት ዓመት ኦሮሚያ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ ተምሮ አክስቱ ዘንድ የመጣ ነው። «ላም» ለማለት «ልአም»፣ «ሳር» ለማለት «ስአር» ይጽፋል። ስም ዝርዝሬ ላይ «ደካማ» ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል። በቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ «ላ» ለማለት ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ። ልጁ ያንን ሥርዓት አውቆ ወደ አማርኛ አምጥቶታል። ስሕተቱ የዕውቀት ስሕተት ነበር።

አንድ ቀን በቁቤ ጻፍ አልኩት። አንድ ገጽ ሞላልኝ። ማንበብ ስላልቻልኩ ወደ በሩ ሄጄ ለጥበቃችን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ስለ በሬያቸው ነው የጻፈው። ሲሸጥ አልቅሷል» አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም የተሻለ ድርሰት የጻፈው ልጅ «ደካማ» ያልኩት ልጅ ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁት ስሕተት

ሦስቱንም አንስቼ ፊት ዴስክ ላይ አብረው እንዲቀመጡ አደረግኩ። ለብቻቸው ልረዳቸው አስቤ ነው። በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ እነዚህ አሟቸው ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ደብተሩ የሚያምረው ልጅ ወደ ኋላ ልመለስ ብሎ ለመነኝ። የሦስቱ ችግር ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ከፊደል ጋር፣ አንዷ ከጆሮ ጋር፣ አንዱ ከቋንቋ ጋር። አንድ ዴስክ ላይ ያገናኛቸው የኔ ዝርዝር ብቻ ነበር። በሳምንቱ በተንኳቸው።

ከትምህርት በኋላ ለማስጠናትም ሞክሬ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን መጥቶ ቀረ። ማታ ማታ እናቱ ዕቃዋን እስክትሰበስብ ታናሽ እህቱን የሚጠብቅ እሱ ነው። ያ በር ተዘጋ። የሚሠራ ነገር ካለ መሠራት ያለበት በዚያው 40 ደቂቃ ውስጥ፣ በ61 ልጅ መሃል መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው።

ቆርኪ

ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ቆርኪ ይጫወታሉ። ከዚያ ነው ሐሳቡ የመጣው። ከሰፈር ግሮሰሪዎች ቆርኪ ለመንኩ። በሁለት ሳምንት አንድ ፌስታል ሞላ። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በድንጋይ ቀጥቅጠን፣ አጥበን፣ በውስጡ ነጭ ወረቀት ለጥፈን ፊደል ጻፍንበት።

መሠረታዊው ፊደላችን 33 ረድፍ በ7 ሲባዛ 231 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ድምፃቸው የሚደገመውን አምስቱን ረድፎች፣ ማለትም ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን አስቀረሁ። 196 ቀሩ። ቶሎ ቶሎ የሚያስፈልጉትን ደግሞ አበዛኋቸው።

የቆርኪው ጥቅም እጅንና ሐሳብን መለየቱ ነው። የአማርኛ ፊደል አንዱ ቅርጽ ተነባቢና አናባቢን አብሮ ስለያዘ «ቤት» ሁለት ቆርኪ ብቻ ነው። ልጁ መሳል አይጠበቅበትም። ድምፁን ሰምቶ መምረጥ ብቻ ነው። ከተሳሳተ ቆርኪውን አንስቶ ይቀይራል፤ ላጲስ የለም፣ የተቀደደ ወረቀት የለም፣ ቀይ ምልክት የለም። ደብተሩ እንዳይበላሽበት የሚፈራ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚያሳርፈው በዓይኔ አይቻለሁ።

ለሦስቱ ብቻ አልሰጠሁም። በየዴስኩ አንድ ጣሳ ሆነ። ሁሉም ይሠራበታል። ማንም ማን ለምን እንደሚጠቀምበት አልጠየቀም።

ሳድስን ወደ ኋላ መተዌ

ስለ ሳድስ፣ ማለትም በፊደል ረድፍ ውስጥ ስድስተኛ ስለሚመጣው ቅርጽ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ብዙ መምህራን የሚሳሳቱት እዚሁ ይመስለኛል።

ደብተሩ የሚያምረውን ልጅ ከ«ሀ ሁ» እንደ አዲስ ላስጀምረው አልፈለግኩም። ረድፉን በቃሉ እንደ ውሃ ይወርደዋል። ችግሩ «ሚ» የቱ ነው ስትለው ከ«መ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኘውም። ስለዚህ በቅርጽ ምልክቱ ልጀምር አልኩ። ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፤ ሙ፣ ቡ፣ ሱ። ሣልስ ጭረቱ እግሩ ላይ ነው፤ ሚ፣ ቢ፣ ሲ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት አለው፤ ሜ፣ ቤ፣ ሴ። ልጆቹ «ኡ ወገብ፣ ኢ እግር፣ ኤ ቀለበት» እያሉ እጃቸውን ወገባቸውና እግራቸው ላይ እያደረጉ ይዘምሩት ጀመር። እንደ ሩ እና ፉ ያሉ ከደንቡ የወጡትን «እንግዶች» ብለን ለብቻ አስቀመጥናቸው። ልጁ በሦስት ሳምንት «ሙ»ን ከ«ሚ» መለየት ቻለ።

ሳድስና ሰባተኛው ሳብዕ ግን ወጥ ምልክት የላቸውም። ል፣ ም፣ ስ፣ ን፣ ት እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ነው የሚታጠፈው። ስለዚህ ከባድ ናቸው ብዬ ለመጨረሻ ተውኳቸው። ለወረቀት ላይ ዕቅድ ጥሩ ነበር። ከዚያ ልጁን «የፈለግከውን ቃል ሥራ» ስለው ቆርኪዎቹን እያየ ተቀመጠ። «እናት» ሊል ፈለገ፤ «እ» የለም፣ «ት» የለም። «ልጅ» ሊል ፈለገ፤ ሁለቱም ሳድስ ናቸው። «ቤት»፣ «ውሻ»፣ «እኔ»፣ «ወንድም»፣ «ትምህርት»። አማርኛ ያለ ሳድስ አይጻፍም። ልጁን ሦስት ሳምንት ያስተማርኩት የራሱን ቃል የማይጽፍበትን ፊደል ነው።

ዕቅዱን ገለበጥኩት። «የትኞቹን አሥር ቃላት መጻፍ ትፈልጋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። እሱ የመረጣቸው እነዚህ ናቸው፤ እናት፣ እኔ፣ ቤት፣ ኳስ፣ ቲማቲም፣ ላስቲክ፣ ዝናብ፣ የእህቱ ስም፣ የሱ ስም፣ ብር። ሳድሶቹን ከነዚህ ቃላት ውስጥ አወጣን። «ት» ማለት «የእናት ት» ሆነ። «ብ» ማለት «የዝናብ ብ»። በቃሉ ውስጥ ቤት ያለው ፊደል አልጠፋበትም።

መጀመሪያ መናገር፣ ከዚያ መጻፍ

ድርሰት የምናስጽፍበትን መንገድም ቀየርኩ። መጀመሪያ 10 ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያወራሉ። ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ ጓደኛው ይጽፍለታል። በሚቀጥለው ቀን ተናጋሪው የራሱን ንግግር ከወረቀቱ ላይ እያየ ያነባል፣ በቆርኪም ይሠራዋል። መጨረሻ ላይ ብቻ በእርሳስ ይጽፈዋል።

መጀመሪያ አካባቢ ይህ ተበላሸብኝ። የገናን ርዕስ እንደገና ስንሠራ ጸሐፊዋ ተማሪ ጎበዝ ናት። «በጉን አርደን፣ ዶሮ ወጥ በልተን፣ ቡና አፍልተን» ብላ አሳምራ ጻፈችለት። ደብተሩ የሚያምረው ልጅ ሲያነብ ቆመ። «ቲቸር፣ እኛ እኮ በግ አላረድንም» አለ። ጸሐፊዋ ክፋት አልነበራትም። የበዓል ድርሰት ሲባል በግ ይታረዳል ብላ ነው። እኛ መምህራኑ ነን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ በጉን የምናርደው።

ከዚያ ወዲህ ደንብ አወጣን። ጸሐፊ ተናጋሪው ያላለውን አይጨምርም፣ ጽፎ ሲጨርስ መልሶ ያነብለታል፣ ተናጋሪው «አዎ፣ የኔ ነው» ካላለ አያልቅም። በዚህ ደንብ ቁቤ የሚጽፈውም ልጅ ተጠቀመ። እሱ ረቂቁን በቁቤ ይጽፋል፣ በአማርኛ ለጓደኛው ይተርክለታል፣ ከዚያ በአማርኛ ይጽፋል። በመጋቢት «ልአም» ማለት አቆመ። «በ» እና «ባ» አንድ አንድ ቆርኪ መሆናቸውን በእጁ ሲይዝ ነው የገባው።

የልጅቷ ጆሮ

ለአያቷ ነገርኩ። የምታሳድጋት አያቷ ናቸው። «እማማ፣ ልጅቷ በደንብ አትሰማም» ስላቸው «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ይመግላል፣ ስታድግ ይተዋታል ተብዬ ነው» አሉኝ። ጤና ጣቢያ ሄዱ፣ ከዚያ ሆስፒታል አንገት በላይ ክፍል ተላኩ። የጆሮ ታምቡሯ ተበስቷል። መድኃኒት ተሰጣት፤ መግሉ ቆመ። የመስማት አቅሟ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

በዚህ መሃል መስማት ለተሳናቸው ወደተዘጋጀ ትምህርት ቤት ብትዛወርስ የሚል ሐሳብ ከአስተዳደር መጣ። ልጅቷ ትናገራለች፣ በከፊል ትሰማለች፣ ጓደኞቿ እዚህ ናቸው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 24 የሚያወራው ስለ አካቶ ትምህርት ነው። ያንን ጠቅሼ ትቆይልኝ አልኩ። ቆየች። የምልክት ቋንቋ የሚያስፈልገው ልጅ ቢሆን መልሴ ሌላ ይሆን ነበር፤ እሱን በምልክት ቋንቋ የሚያስተምረው ሰው ይገባዋል፣ እኔ ደግሞ አልችልም።

ለሷ የተለወጠው ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው። ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ የተሻለ የሚሰማው ጆሮዋ ወደኔ እንዲሆን ተቀመጠች። ወደ ሰሌዳ ዞሬ እየጻፍኩ መናገር አቆምኩ። ይህ ከሁሉ የከበደኝ ነው። አሥር ጊዜ ረስቼ አሥር ጊዜ አስታወሰችኝ። ቃል ጽሕፈት ከመጀመሬ በፊት ፊቴን እንድታይ እጠብቃታለሁ። ለብዙ ቁጥር ደግሞ «ሲበዛ ች ይመጣል» ብለን በደንብ አስተማርናት፤ ባትሰማውም ታውቀዋለች። አሁን «ወፎች» ስትጽፍ «ች»ን የምታስገባው በጆሮዋ ሳይሆን በትርጉሙ ነው።

እርማት

የቀይ እስክሪብቶዬን ሥራ ቀነስኩ። በአንድ ጽሑፍ ላይ ሁለት ነገር ብቻ አርማለሁ። አንዱ ሁልጊዜ አራት ነጥብ ነው፤ ሐሳቡ የት እንዳለቀ ልጁ ራሱ እንዲወስን። ሌላው እንደየልጁ ይለያያል። «ሰ» እና «ሠ»ን፣ «ሀ» እና «ሐ»ን በረቂቅ ላይ አልነካም።

አንዲት ባልደረባዬ በዚህ ተቆጣችኝ። «ሠርግን በእሳቱ ሰ ጽፎ ራይት ትሰጪዋለሽ? ፊደል እንዲህ ነው የሚጠፋው» አለች። ጭንቀቷ ይገባኛል። እኔም ሠርግ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ደስ ይለኛል። ግን ገና የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን የጻፈ ልጅን በዚያ ማቁሰል ትክክል አይመስለኝም። ያንን አራተኛ ክፍል ላይ ይማረው፤ የሚያርሙለት ጽሑፍ ሲኖረው።

ያልተሳካው

ፈተና አልተለወጠም። የሴሚስተሩ ፈተና ምርጫና አዛምድ ነው። ደብተሩ የሚያምረው ልጅ ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። ለተከታታይ ምዘና ጥያቄውን ጮክ ብዬ ለክፍሉ ሁሉ ማንበብ ተፈቀደልኝ፤ ለማጠቃለያው ግን መመሪያውን ብቻ። ውጤቱ ከሚያውቀው በጣም ያንሳል።

ልጁ የንባብና የጽሕፈት መማር ችግር፣ ዲስሌክሲያ የሚባለው፣ እንዳለበት እጠረጥራለሁ። የሚመረምረው ባለሙያ ጋ ግን አልደረሰም። እናቱ ከጉሊቱ አንድ ቀን ስትቀር የዚያን ቀን እራት የለም። ደጋግሜ ልገፋት አልቻልኩም።

ሌሎች ልጆችም አሉ። 61 ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት ልጅ በደንብ አየሁ ማለት ያላየሁት አለ ማለት ነው። ዓመቱ ሲያልቅም ድርሰት ሲባል ዝም የሚሉ ነበሩኝ።

ሌላ ክፍል ላይ የሚሠራ የሚመስለኝ

ከዓመቱ መጀመሪያ፣ በመስከረም፣ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ አንድ ነገር ማስጻፍ። እኔ እስከ ጥር ባልጠብቅ ኖሮ ልጁ አራት ወር አያጣም ነበር። የተገለበጠ ደብተር ስለ ጽሕፈት ምንም አይናገርም።

የስሕተቱን ብዛት ሳይሆን ዓይነቱን ማየት። «ልጆ» እና «ልአም» በቀይ ሲሰረዙ አንድ ናቸው። ምንጫቸው ግን አንዱ ሆስፒታል ይወስዳል፣ ሌላው ቁቤ የሚያነብ ሰው ጋ። እናም ልጅ በሌላ ቋንቋ መጻፍ ይችል እንደሆነ ሳይጠየቅ «አይችልም» አይባልም።

ለአንድ ልጅ የተሠራውን መርጃ ለሁሉም መስጠት። ቆርኪው ለሦስቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሳቂያ ያደርጋቸው ነበር።

የልጁን ቃላት ከልጁ መቀበል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቃል መጥፎ ሆኖ ሳይሆን፣ ሳድስን የሚሸከምለት የራሱ «ዝናብ» ስለሆነ።

በሰኔ

በሰኔ የመጨረሻው ሳምንት ባዶ ሰሌዳ ላይ እንደገና መለስኳቸው። ርዕሱን ራሳቸው መረጡ። ልጁ ይህን ጻፈ፤ እንደጻፈው ነው የማስቀምጠው።

«እናቴ ቲማቲም ትሽጣለች። ዝናብ ስመጣ ላስቲክ እይዛለው። እቴ ትተኛለች። እኔ አልተኛም።»

ደብተሩ አሁን ስርዝ ድልዝ አለበት። እናቱ ሰርተፍኬት ልትወስድ ስትመጣ አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ልጁ አነበበላት። «ይህን ከየት ገለበጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከየትም እንዳልገለበጠው ነገርኳት።

በመስከረም የአራተኛ ክፍሉ መምህር የቆርኪውን ጣሳዎች ወሰዳቸው። በኅዳር «ን» አልቆበት ተጨማሪ ሊጠይቀኝ መጣ።